ለዴልመር የቀረችው ሥራ

ሐኪሙ «አቶ ቶርቪክ፣ ከእንግዲህ መሪ ባይጨብጡ ይሻላል» ያለው ሚያዝያ ላይ ነው። ዴልመር አልተከራከረም። ከሕንፃው ወጥተው መኪናቸው ዘንድ እንደ ደረሱ ቁልፉን ከቀበቶው ፈትቶ ለሚስቱ ለማርዲስ ሰጣት፤ ዞሮም በሌላው በር ገባ።

ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው። አዮዋ ውስጥ፣ በበቆሎ እርሻ የተከበበች ትንሽ ከተማ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች መካኒክ ሆኖ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቷል። አሥራ አራት አውቶቡሶች ነበሩት። በረዶም ቢሆን ዝናብ፣ ጎህ ሳይቀድ የእጅ ባትሪውን ይዞ እያንዳንዳቸውን ይዞራል፤ ጎማውን በእግሩ፣ ብሎኑን በእጁ። ማየት ለእሱ በቂ አልነበረም፤ መንካት ነበረበት። በዚያ ሁሉ ዘመን ከእሱ ግቢ የወጣ አውቶቡስ አንድም ጊዜ መንገድ ላይ ጎማ አልወለቀበትም። ጡረታ ሲወጣ የሸለሙት የግድግዳ ሰዓት የት እንደገባ አያውቅም። ይህን ግን ያውቀዋል።

መርሳት የጀመረው ከሰው ስም ነው። ቀጥሎ መድኃኒቱን መዋጡን መጠራጠር መጣ። በየካቲት አንድ ቀን ብሎን ሊገዛ ወጥቶ፣ ከሱቁ እስከ ቤቱ ያሉት አራት መንገዶች ጠፍተውበት አንድ ሰዓት ሙሉ ሲዞር ቆየ።

በየበጋው ግን መውጣት አለ። ሠላሳ አራት ጫማ የሚረዝም፣ አልጋና ማድቤት ያለው፣ አርቪ የሚሉት የጉዞ መኪና አላቸው። ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ሐምሌ ሲገባ ከአዮዋ ተነሥተው አገሩን አቋርጠው፣ ልጃቸው ወዳለችበት ወደ ኦሪገን የባሕር ዳርቻ ይሄዳሉ። ከኋላቸው ትንሿን መኪናቸውን ይጎትታሉ፤ አርቪው ከቆመ በኋላ ወተት መግዣም ዘመድ መጠየቂያም እሷ ናት።

የዘንድሮውን መንገድ ማርዲስ ልትሰርዘው ፈልጋ ነበር። ኋላ ሐሳቧን ቀየረች። «እኔ እነዳለሁ፣ አንተ ታስራለህ» አለችው። «መቼም ካንተ የተሻለ የሚያስር የለም።»

ማሰሩ እንዲህ ነው። ከአርቪው ኋላ ሁለት የብረት ክንዶች ይወጣሉ። ክንዶቹ ከትንሿ መኪና ፊት ካሉት ሁለት ጆሮዎች ጋር ይገጥማሉ፣ በየጆሮው ቀዳዳ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ፒን ያልፋል፣ በፒኑ ጫፍ ላይ ደግሞ እንዳይወጣ የምትይዘው ትንሽ ማቆያ ትሰካለች። ለክፉ ቀን ሁለት ሰንሰለቶችም ይያያዛሉ። ማቆያዋ ከሌለች ፒኑ አይጮህም፣ አይንኳኳም። በየማይሉ ትንሽ ትንሽ እያለ ይወጣል።

መንገድ ከጀመሩ በኋላ፣ በነብራስካም በሳውዝ ዳኮታም፣ ማርዲስ ወገቧን የምታፍታታ መስላ ወደ ፒኖቹ ዓይኗን ጣል ስታደርግ አይቷታል። ሁለት ጊዜ አልፎ በሦስተኛው አልቻለም።

«ካላመንሽኝ ራስሽ እሰሪው!»

«አምኜሃለሁ።»

«ምን ትሽከረከሪያለሽ ታዲያ?»

ማርዲስ ለትምህርት ቤት ልጆች ሃያ ስድስት ዓመት ምግብ ያበሰለች ሴት ናት፤ ነገር ማድበስበስ አታውቅም። «እሺ ዴል» አለችው። «ከእንግዲህ አላይብህም። ግን አንድ ቀን ከረሳህ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራው የኔ ነው። ተስማማን?»

«ተስማማን።»

ከዚያ ወዲህ እሱ ሲያስር እሷ ጋቢና ውስጥ ቁጭ ብላ ካርታ ታያለች። ቃሏን ጠብቃለች።

ያን ዕለት ያደሩት ዋዮሚንግ ውስጥ፣ ከቢግሆርን ተራሮች ግርጌ ባለች ቡፋሎ በምትባል ከተማ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ዴልመር ጓንቱን አጥልቆ ክንዶቹን ሳበ። አርቪዎች በሚያድሩበት ሰፈር አንድ ያልተጻፈ ደንብ አለ፦ የሚያስርን ሰው አያናግሩም። ጎረቤት ሰላም ሊልህ ቢመጣ እንኳ እጁን ኪሱ ከትቶ እስክትጨርስ ራቅ ብሎ ይቆማል። ከጎናቸው ያደረው ሰውዬ ግን አርቪውን ከገዛ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። አዲስ ባርኔጣ አድርጎ፣ ጉንጩ በፀሐይ ተቃጥሎ መጣ።

«ጎረቤት! አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አትስቅብኝ።»

«አልስቅም።»

«የፍሳሹ ቱቦ ሲነሣ ያለው ሽታ... ሁልጊዜ እንዲህ ነው? ሚስቴ ትናንት እራት አልበላም አለች።»

ዴልመር ሳቀ። አዮዋ ውስጥ ሰው ሲጠይቅህ ጀርባ አትሰጥም። የትኛው ቧንቧ ቀድሞ እንደሚከፈት፣ በኋላም በምን ያህል ውኃ እንደሚታጠብ አስረዳው። ሰውየው ደስ ብሎት እጁን ዘረጋ።

«ቼት እባላለሁ። አንተ ሰው ሕይወቴን አተረፍካት! ትዳሬንም ጭምር!»

«ዴልመር። ትዳሩን እንኳ ገና አታውቅም፣ ጉዞህን እስክትጨርስ ጠብቅ።»

ቼት እየሳቀ ሄደ። ዴልመር የመኪናዋን መብራቶች ሊፈትሽ ከኋላ ቆሞ እጁን አነሣ፤ ማርዲስ የግራውን ፍሬቻ፣ የቀኙን፣ ከዚያም የፍሬኑን መብራት አበራች። ሁሉም ሠራ። አውራ ጣቱን አሳያትና ዞሮ ገባ።

«ማን ነው?» አለችው።

«ቱቦ የሚሸተው ሰው።»

መንገዱ ከከተማው እንደወጣ ሽቅብ ይይዛል። ጥዱ እየበዛ፣ አየሩ እየቀዘቀዘ ሄደ። ማርዲስ ወገቧ ሥር ትራስ አድርጋ፣ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ትነዳለች፤ በዳገቱ ከኋላዋ አሥር መኪና ቢሰለፍ ግድ የላትም፣ ስፋት ስታገኝ ጥግ ይዛ ታሳልፋቸዋለች። ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ስድሳ ስድስት ጫማ የሚለው ሰሌዳ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ዴልመርን በረደው። ከመስከረም ጀምሮ መንጠቆው ላይ ተሰቅሎ የከረመውን ጃኬት ጠዋት ነበር የለበሰው። እጁን ኪሱ ከተተ።

ጣቱ ብረት ነካ።

ሳያወጣው ምን እንደሆነ አወቀ። ሠላሳ አንድ ዓመት ዕቃ በጨለማ የለየ ጣት አይሳሳትም። ማቆያ ነው።

መጀመሪያ ያሰበው፣ ይህ መለዋወጫ ነው ብሎ ነው። በመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ አራት መለዋወጫ አለ፤ አምና መስከረም አንዱን ኪሱ ከቶት ይሆናል። ይሆናል። ጠዋት የሆነውን ከመጀመሪያው ለመከተል ሞከረ። የግራውን ክንድ ያስታውሳል፦ ፒን፣ ማቆያ፣ በጣቱ ገፋ አድርጎ መሞከሩን። ሰንሰለቶቹን ማያያዙን ያስታውሳል። የቀኙን ፒን ማስገባቱንም ያስታውሳል። ከዚያ ቼት መጣ። ጓንቱን ማውለቁን፣ የቼትን ወፍራምና ላብ ያለው እጅ መጨበጡን ያስታውሳል። ከመጨባበጣቸው በፊት በእጁ ምን ነበር? ከመጨባበጣቸው በኋላስ? እዚያ ላይ እንደ ተቀደደ ገጽ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው የፍሬቻው መብራት ነው።

«ዝም አልክ» አለች ማርዲስ።

«ዛፉን እያየሁ ነው።»

ከመሪው አጠገብ የኋላውን መንገድ በካሜራ የምታሳይ አንዲት ትንሽ መስኮት አለች። ትንሿ መኪና እዚያ ውስጥ ትታያለች፤ ቀጥ ብላ፣ መሀል ይዛ ትከተላለች። ይኸው፣ ምንም አልሆነችም አለ በልቡ። ግን ደግሞ ፒን እስኪወጣ ድረስ ሁሉም መኪና ቀጥ ብሎ ነው የሚከተለው። ይህን ለስንት ወጣት ሾፌር ነግሯል!

ጫፉን አለፉ። ሐይቁንም አለፉ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ቴን ስሊፕ ወደሚባለው ገደል ይገባና እስከ ሜዳው ድረስ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ከገደሉ አፍ ላይ ከባድ መኪኖች ፍሬናቸውን የሚፈትሹበት ሰፊ ቦታ አለ። ማርዲስ ቀዝቀዝ አደረገች።

«ልቁም እንዴ? ፍሬኑ ትንሽ ይረፍ?»

ይህች ናት ጊዜዋ። ይወርዳል፣ ዞሮ በእጁ ይነካዋል፣ ጉዳዩ ያልቃል። ግን ለምን ወረድክ ትለዋለች። ማቆያው ከሌለ ደግሞ የምትጠይቀው አይኖርም፤ ተስማምተዋል። መሪው ሄዷል። ነገ ጠዋት ጓንቱም ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ሌላው ሲሠራ በመስኮት የሚያይ ዕቃ ሆኖ እስከ ባሕር ይጫናል።

«ፍሬኑ አልሞቀም» አላት። «ቀጥዪ።»

ቀጠለች።

ገደሉ በሁለቱም በኩል ነጭ ቋጥኝ ነው፤ ወንዙ ከታች ክር ያክላል። ማርዲስ ማርሹን ቀንሳ በሞተሩ ጉልበት እየያዘች ትወርዳለች። ወደ ጫፉ ሲወጡ አርቪው ነበር ትንሿን መኪና የሚስባት፤ አሁን እሷ ከኋላ ትገፋለች። ዴልመር ክብደቷ በየኩርባው ከግራው ክንድ ወደ ቀኙ፣ ከቀኙ ወደ ግራው ሲዘዋወር በወንበሩ በኩል የሚሰማው መሰለው። ሰንሰለቶቹ ይይዟታል አለ ለራሱ። በሜዳ አዎ ይይዟታል። እዚህ አንዱ ክንድ ከወለቀ አፍንጫዋ ወደ ማዶ መሥመር ይዞራል፣ ሰንሰለት ከዚያ አያስጥልም።

ማቆያዋን በኪሱ ውስጥ ጨብጧታል። መዳፉን እስክትወጋው ጨበጣት። መለዋወጫ ናት። አምና መስከረም ነው። አንድ ኩርባ፣ ሌላ ኩርባ።

ከዚያ ከታች፣ ሦስት ኩርባ ራቅ ብሎ፣ መብራቶች አየ። ሞተር ብስክሌቶች ናቸው፤ ተሰልፈው በማዶ መሥመር ሽቅብ ይመጣሉ። እንደ ድሮው ሳያስበው መቁጠር ጀመረ። አንድ፣ ሁለት... አሥራ አንድ። አንዳንዱ ከኋላው ሰው አፈናጧል።

«ማርዲስ።»

«እ?»

«ቦታ ስታገኚ አቁሚ።»

«ምን ሆንክ? ደረትህን ነው?»

«ደረቴን አይደለም። የቀኙ ፒን ማቆያ የለውም።»

«የለውም ማለት?»

«እጄ ላይ ነው።»

ማርዲስ ወደ እጁ አልዞረችም። ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው። መሪውን የያዙት ጣቶቿ ግን ደም ሸሻቸው።

«ሰንሰለቶቹስ?»

«ታስረዋል። እነሱን አስታውሳለሁ።»

«ታስታውሳለህ?»

«እነሱን አዎ።»

እግሯ ወደ ፍሬኑ ሄደ።

«እንዳትረግጪው!» ድምፁ ከፍ አለ። «ድንገት ከያዝሽ ክብደቷ ሁሉ ፒኑ ላይ ይመጣል። ማርሹን አንድ ቀንሺ። አሁን። እንዲህ። አሁን ፍሬኑን ነካ አድርጊ፣ ልቀቂ፣ ነካ አድርጊ፣ ልቀቂ።»

ሞተሩ ጮኸ፤ አርቪው እያቃሰተ ዝግ አለ። አራቱንም ፍሬቻ አበራች። ከኋላ አንድ ፒካፕ ተጠግቶ ጡሩንባውን ነፋ።

«ንፋ!» አለች ማርዲስ በጥርሷ መሀል። «ንፋ፣ ሳንባህ ይውጣ!»

«እሱን ተዪው። ቀጥሎ የግራ ኩርባ ነው፤ ሰፊ አድርገሽ ያዢው፣ መሪውን በአንዴ አትጠምዝዢ። የቀኙን ጠርዝ እንዳትነኪ።»

«ሞተረኞቹስ?»

«አይቻቸዋለሁ። መሥመርሽን ያዢ ብቻ።»

ኩርባው መሀል ላይ ተገናኙ። ዴልመር ዓይኑን ከትንሿ መስኮት አልነቀለም። የመጀመሪያው ሞተረኛ አለፈ። ሁለተኛው። የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ማዶ ትንሽ፣ የጣት ስፋት ያህል፣ ዘንበል ያለ መሰለው፤ ወይ ኩርባው ነው፣ ወይ ፒኑ ነው። ሰባት። ስምንት። አንዲት ሽበቷ ከራስ መከላከያዋ ሥር የወጣ ሴት ከባሏ ኋላ ተፈናጣ፣ ስልኳን ዘርግታ ገደሉን ፎቶ እያነሣች አለፈች። አሥር። አሥራ አንድ።

መንገዱ ባዶ ሆነ። ከአንድ ማይል ተኩል በኋላ በቀኝ በኩል ጠጠር የፈሰሰበት ደልዳላ ቦታ መጣ። ማርዲስ እንደ እንቁላል ይዛ አስገባችው። ፒካፑ እየጮኸ አለፋቸው። አምስት ሰዓት ከሃያ ነበር።

ዴልመር ጓንቱን አጥልቆ ቀድሞ ወረደ፤ እሷም በሌላው በር ወርዳ ደረሰች። ጎን ለጎን ቆመው አዩት። የቀኙ ፒን ከሦስት እጅ ሁለቱ ወጥቶ፣ ጫፉ ብቻ ጆሮው ውስጥ ቀርቷል። የወጣው ክፍል አዲስ ተፍቆ ያብረቀርቃል።

ተንበርክኮ በመዳፉ ገፋው፤ ገባ። ማቆያዋን ሊሰካት ሲል ከጓንቱ አምልጣ ጠጠሩ ላይ ወደቀች። ማርዲስ ጎንበስ ብላ አነሣቻት። ሞከረች፣ ገለበጠቻት፣ እንደገና ሞከረች፣ ሰካቻት።

«መቼ ነው ያወቅኸው?» አለችው ቀና ሳትል።

ሊዋሽ ይችል ነበር። አሁን ነው፣ ኩርባው ላይ ነው ቢላት ታምነዋለች።

«ከጫፉ በፊት።»

«ከጫፉ በፊት?» ቀና አለች። «ልቁም ወይ ብዬ ጠይቄህ?»

«አዎ።»

«ጠይቄህ ቀጥዪ አልከኝ?»

«አዎ።»

ማርዲስ ጥላው ሄደች። እስከ ብረት አጥሩ ድረስ ሄዳ ወንዙን እያየች ቆመች። ዴልመር ካለበት አልተንቀሳቀሰም። አንድ ከባድ መኪና በሞተሩ እየጮኸ ወረደ፤ ንፋሱ ባርኔጣውን ሊወስድበት ነበር። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፣ ድምጿ ግን ደረቅ ነው።

«የረሳኸውን ይቅር እልሃለሁ። መርሳቱ ያንተ አይደለም። ያቺን ቀጥዪ ያልካትን ግን ምን ላድርጋት? ያቺ ያንተ ናት። በደንብ እያወቅክ!»

«ሥራው ይሄድብኛል ብዬ ነው።»

«ለሥራው ብለህ ሰው ልታስገድለኝ? እኔ ነኝ እኮ መሪውን የያዝኩት! ያቺ ፎቶ የምታነሣውን ሴትዮ አየሃት?»

«አየኋት።»

«አየሃት!» አለች።

ዴልመር በአውቶቡስ ግቢው ዘመን አንድ ሠራተኛ እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ በዚያው ቀን ቁልፉን ተቀብሎ ያሰናብተው ነበር። ማባበል አያውቅም ነበር፤ አውቶቡሱ ላይ ስለሚሳፈሩት ልጆች ሲል።

ጓንቱን አወለቀና ሰጣት።

«ፍቺው» አላት።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። መኪናዋን የእጅ ፍሬን ያዢላት፣ ከዚያ ሁለቱንም ክንድ ፍቺ። ከመጀመሪያው ላስተምርሽ።»

«እዚህ? ዴል፣ ኮዲ ከተማ እኮ ማደሪያ ይዘናል።»

«ኮዲ ይቆየናል። ነገ ጠዋት የምረሳው ነገር ካለስ? ዛሬ የማውቀውን ዛሬ ልስጥሽ።»

ማርዲስ ጓንቱን አጠለቀች፤ ሰፍቷታል። ፈታችው። እሱ ቆሞ ይነግራታል፦ መጀመሪያ የመኪናዋ ማርሽ፣ ከዚያ ግራ፣ ሁልጊዜ ግራ፤ ፒን ከላይ ወደ ታች፣ ማቆያ፣ በጣትሽ ገፋ አድርገሽ ሞክሪ፤ ከሞከርሽው በኋላ የጎኑን ስም ጮክ ብለሽ ጥሪ። «ለማን ነው የምጠራው?» አለችው። «ለጆሮሽ» አላት። ሰንሰለቶቹን ሳታጠላልፍ አሰረቻቸው፤ «ስትጠመዘዢ ይወጠራሉ፣ መስቀል አድርጊያቸው» ብሎ አስፈታት። ጉልበቷን ጠጠር ወጋት፤ ተሳደበች። ለእሱ ይሁን ለጠጠሩ አልታወቀም።

«ድገሚው።»

«እንደገና? አንተ ሰው፣ ስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።»

«አውቶቡስ ነጂዎቼንም ሦስት ጊዜ ነበር የማስደግማቸው።»

በሁለተኛው ላይ ሁለት ነገር አረማት። የቀኙን ማቆያ ሰክታ ሳትሞክር ልታልፍ ስትል «እ እ» አላት፤ ተመልሳ ገፋችው። በመካከሉ አንድ ቤተሰብ ቆሞ እርዳታ ይፈልጉ እንደሆን ጠየቃቸው። ዴልመር ወደ መኪናው መስኮት ሄዶ፣ አመስግኖ፣ «እየተማረች ነው» አላቸው።

በሦስተኛው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ማርዲስ የመኪናዋን ማርሽ አስተካከለች። የግራውን ክንድ ገጠመች፣ ፒኑን ከላይ ወደ ታች አስገባች፣ ማቆያዋን ሰካች፣ ገፋች፣ «ግራ» አለች። ወደ ቀኝ ዞረች። ዴልመር አፉን ከፍቶ ጠበቀ። ፒን። ማቆያ። ገፋች። «ቀኝ» አለች። ሰንሰለቶቹን መስቀል አድርጋ አያያዘች፤ ሁለቱንም በእጇ ጎትታ ሞከረች። እሱ ያላስተማራትን አንድ ነገር ጨመረች፦ ተነሥታ ዞራ መጥታ፣ ጓንቱን አውልቃ፣ ከግራ ጀምራ ሁሉንም በባዶ ጣቷ እንደገና ነካች።

ቆማ ተመለከተችው። «ምን ቀረ?»

ዴልመር ከድንጋዩ ተነሣ። ሄዶ አየው፤ ጎንበስ ብሎ ከግራ ወደ ቀኝ ፈለገ። የሚያርመው አጣ።

«ምንም» አላት።

ማርዲስ ጓንቱን ቀበቶዋ ላይ ሰካችና ወደ መሪው ሄደች። እሱ ቆየ። ከዚያ ንጹሕ የሆኑትን እጆቹን በሱሪው ላይ ጠረገ፣ በጠጠሩ ላይ ዞሮ፣ በሌላው በር ገባ።